የክት ሰዓት

ሰዓት የሚያስጠግን ሰው ቡሬ መናኸሪያ ወርዶ «ሰይፈ የት ነው?» ቢል ያሳዩታል። ከጫማ ሱቆቹ ጫፍ፣ በአንዲት ሰማያዊ ቆርቆሮ ሥር፣ አጉሊ መነጽር ዓይኑ ላይ ሰክቶ የተቀመጠው ሰው እኔ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ሰዓት ስከፍትና ስዘጋ ኖሬያለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን ሰው የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ውዱ ሰዓት ይሻላል ወይስ ርካሹ? ድሮ ይህን ስጠየቅ ሥራዬን አስቀምጬ እተነትን ነበር። ዛሬ ግን ጥያቄው ራሱ ያንገሸግሸኛል። ምክንያቱ አያ ገደፋው ናቸው።

የአያ ገደፋው ሰፈር ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ነው፤ ከመኪና ወርዶ ወደ ወንዙ አንድ ሰዓት በእግር ያስኬዳል። ገበሬ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ይጠጋል። አጠር፣ ደንደን ያሉ፣ ነገር የማያበዙ ሰው ናቸው። እናታቸው የአገው ሴት ስለነበሩ ሲናደዱ በአገውኛ ያጉረመርማሉ ይባላል፤ እኔ ግን ሲናደዱ አይቼ አላውቅም። በሰፈራቸው አሥራ ሰባት ዓመት የውሃ አባት ሆነው ኖረዋል።

የውሃ አባት ምን እንደሆነ ለከተማ ሰው ልንገር። በበጋ ከወንዙ ተጠልፎ የሚመጣው ውሃ በአንድ ቦይ ነው፤ የሚጠብቀው ማሳ ግን ብዙ ነው። ለአያ ገደፋው ሰፈር ውሃው የሚደርሰው ሰኞና ሐሙስ ነው። ጀምበር ስትወጣ ይረከባሉ፤ ጀምበር ስትጠልቅ ለታችኛው ሰፈር ያስረክባሉ። በዚያ መሐል ውሃውን በሰዓት እየቆረጠ ለየማሳው የሚያድለው የውሃ አባት ነው። ደመወዝ የለውም። «በቃ፣ ዝጋ» ሲል ሰው ሁሉ ይዘጋለታል፤ ያለው ሥልጣን ይኸው ነው። ይህንንም የሚያገኘው ሰው ስላመነው ብቻ ነው።

ስልክ የለም ወይ የሚል አይጠፋም። ስልክማ ሞልቷል። አንዱ የፈረንጅ ሰዓት ሞልቶበታል፣ የሌላው አሥር ደቂቃ ይቀድማል፣ የአንዱ ደግሞ ባትሪው ከሞተ ሦስት ቀኑ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ በስልክ ጣጣ ዱላ ተማዘው የአንድ ሰው ክንድ ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ተሰብስቦ ደንብ አወጣ፤ ውሃ የሚለካው በውሃ አባቱ ሰዓት ብቻ ነው፤ በእሱ ላይ ስልክ አውጥቶ የተከራከረ ወረፋውን ያጣል። ይህን ደንብ ያወጡት በአያ ገደፋው ሰዓት ተማምነው ነው።

ያቺን ሰዓት የሸጥሁላቸው እኔ ነኝ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ይሆናታል። ፊቷ ጥቁር የሆነ፣ በአንድ ዶሮ ዋጋ የምትገኝ የባትሪ ሰዓት ናት፤ እኛ ባለሙያዎቹ ኳርትዝ የምንላት። የፕላስቲክ ማሰሪያዋ ሲበጣጠስ እሳቸው ከፍየል ቆዳ ሠሩላት። ከበሬ ጋር አርሳለች፤ ከነእጃቸው ጭቃ ውስጥ ገብታ ወጥታለች። በየሁለት ዓመቱ ባትሪዋን ስቀይርላት ውስጧን አይቼ እስቃለሁ፤ የሚታይ ነገር የላትም፣ ሁለት ጥርስና አንድ ጥቅል ሽቦ ናት። ግን በወር ግማሽ ደቂቃ እንኳ አትዛነፍም።

ከሰዓቷ በፊት አያ ገደፋው በጥላ ነበር የሚለኩት። አባታቸው እንዳስተማሯቸው ቀጥ ብለው ቆመው የራሳቸውን ጥላ በጫማ ይሰፍራሉ፤ በየትኛው ወር ስንት ጫማ ሲሆን ስንት ሰዓት እንደሆነ በቃላቸው ያውቁታል። ሰዓቷን ከገዙ በኋላም አልተውትም። መጀመሪያ ሰዓቷን፣ ቀጥሎ ጥላቸውን ያያሉ፤ ሁለቱ ሲስማሙ ነው «በቃ» የሚሉት። አንድ ጊዜ የገዛ ማሳቸው ጠጥቶ ሊጨርስ አራት ትልም ሲቀረው ሰዓቱ ደረሰ። ዘጉት። ባለቤታቸው እትዬ ንግሥቴ የአራት ትልም ድንች ሲጠወልግ እያዩ ሳምንት ሙሉ እንዳላነጋገሯቸው ራሳቸው እየሳቁ አጫውተውኛል። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ ሌባ የተባለው።

ነገሩ የጀመረው በህዳር ሚካኤል ነው። የዚያው ሰፈር ልጅ ናሁሰናይ ለንግሥ መጣ። ናሁሰናይ ፍኖተ ሰላም ላይ ሆቴል አለው፤ ዱባይም ይመላለሳል። እናቱ አርጅተው ብቻቸውን በቀሩበት ዘመን አያ ገደፋው ማሳቸውን አንድም ወረፋ ሳያጓድሉ አጠጥተውላቸው ነበር፤ እናትየው አምና ሲያርፉ ማሳው ለታናሽ ወንድሙ ለስመኘው ሆነ። ናሁሰናይ ያን ውለታ አልረሳም። ታቦቱ ከገባ በኋላ ሕዝብ መሐል ጠራቸውና የስዊስ አገር ሰዓት ከነሳጥኗ አውጥቶ እጃቸው ላይ አሰረላቸው። ሰው እልል አለ። ይህን ስጦታ ማንም በክፉ አላየውም፤ እኔም ዛሬ ድረስ በክፉ አላየውም። ልጁ ከልቡ ነው የሰጠ።

በማግስቱ ሁለቱ አብረው ወደ እኔ መጡ፤ የብረት ማሰሪያው ሰፍቷቸው ነበርና እንዳሳጥርላቸው። ሰዓቷን ተቀብዬ አገላበጥኋት። እንዲህ ያለች ሰዓት በሥዕል እንጅ በእጄ ይዤ አላውቅም። አውቶማቲክ ናት። ጀርባዋ መስታወት ስለሆነ ውስጧ ይታያል፤ ጥርሶቿ፣ ቀያይ ዕንቁዎቿ፣ ከሁሉም በላይ ግማሽ እንጀራ የመሰለች ብረት ወዲያ ወዲህ ስትወዛወዝ። የመናኸሪያው ሰው ቆርቆሮዬን ከቦ አንገቱን አሰገገ። ቀን የምታሳይ መስኮትም አለቻት፤ ትናንት፣ በሚካኤል ዕለት፣ ሃያ አንድ ብላቸው ኖሯል። አያ ገደፋው ቀኑ የፈረንጅ መሆኑን ስነግራቸው ፈገግ አሉና ይህች ደግሞ ሚካኤልን በማርያም ቀን ታከብራለች ማለት ነው አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ያን ጊዜ ናሁሰናይ ስለ ሰዓቷ እንዳስረዳቸው ጠየቀኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። እኔም ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ይህች እንደ ድሮዋ ባትሪ ቀይሩልኝ አትልም፣ አያ ገደፋው። ብረቷ እየዞረች ራሷን በራሷ ትሞላለች። የልጅ ልጅዎ ድረስ ትሄዳለች። አትስትም።»

ያልኋቸው ይህን ነው። ልጨምር የነበረው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ብረቷ የምትዞረው ክንድዎ ሲንቀሳቀስ ነውና ቀንም ሌሊትም ከእጅዎ አያውልቋት፤ ካወለቋት በሁለተኛው ቀን ትቆማለች። ይህ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ናሁሰናይ ትከሻዬን ቸብ አድርጎ፣ ቡሬም እንዲህ ያለ አዋቂ አለ ለካ፣ አዲስ አበባ ያሉት እንኳ እንዲህ አላስረዱኝም አለ። እኔም ውዳሴውን ስውጥ ቃሉን አብሬ ዋጥሁት። ስለ ውዲቱ ሰዓት እውነቱን ሳላጋንን ልናገር ካልሁ፣ ከርካሿ ይልቅ በቀን ብዙ ሴኮንድ ትስታለች፤ ጭቃና ምት አትወድም፤ ሰው ካልተሸከማት ትሞታለች። ከዚህ አንዱንም አልተናገርሁም። ሕዝብ ከቦኝ፣ ሰዓቷ እያብረቀረቀች፣ ማን የዶሮ ዋጋ ሰዓት ያወድሳል?

አያ ገደፋው አሮጌዋን ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሯት። ሰዓት ለሌለው ለአንድ ሰው ስጥልኝ አሉ። እኔ ግን አልሰጠኋትም። ሚስማር ላይ ሰቀልኋትና የሰው ሰዓት ጠግኜ ስጨርስ በእሷ እያየሁ እሞላ ጀመር። ሱቄ ውስጥ ከእሷ የበለጠ የማምነው ሰዓት ስለሌለ ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ግን በቅደም ተከተሉ ልንገር።

ገበሬ የከበረ ነገር ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ እኔ የገበሬ ልጅ ማወቅ ነበረብኝ። ክት ያደርገዋል። ነጭ ጋቢ የክት ነው፤ አዲስ ጫማ የክት ነው፤ ለበዓል ይወጣል፣ ከበዓል ሲመለስ ይታጠፋል። አያ ገደፋውም ሰዓቷን በመሐረብ ጠቅልለው ከክት ልብሳቸው ጋር ሳጥን ውስጥ አኖሯት። እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ያስሯታል፤ ውሃ በሚያድሉባቸው በሰኞና በሐሙስም ያስሯታል፤ በሰው መሐል ለመፍረድ የሚወጡበት ቀን ነውና ክት ይገባዋል ብለው። በቀሩት ቀናት ሳጥን ውስጥ ትተኛለች። የሚያከብሩትን ነገር እንዲህ ነው የሚያከብሩት፤ ከዚህ ሌላ አያውቁም።

እሑድ ውላ ስለምታድር ሰኞ ጥጋብ ላይ ናት፤ ልክ ትሄዳለች። ሰኞ ማታ ሳጥን ትገባና ረቡዕ ላይ ትቆማለች። ሐሙስ ጧት አውጥተው ሲነቀንቋት ትነሳለች። ከሳጥን ስትወጣ ከእንቅልፏ እንደምትነቃ ቆጥረውት ነበር እንጅ ረሃብ መሆኑን ማን ነገራቸው? ጀምበር ስትወጣ አሥራ ሁለት ብለው ይሞሏታል፤ አስረዋት ቦዩ ድረስ ይወርዳሉ። እዚያ ግን ጭቃ እንዳይነካት ያወልቋትና ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተው ኮቱን ሾላ ላይ ይሰቅላሉ። ከቤት እስከ ቦይ የሞላችው ለሁለት ሰዓት እንኳ የሚሆን አይደለም። ሦስት ሰዓት ላይ ኪስ ውስጥ ትቆማለች። እሳቸው ቦዩን ጠርገው አራት ተኩል ላይ መልሰው ሲያስሯት ደግሞ ትነሳለች፤ ሲያዩዋት ትሄዳለች። አንድ ሰዓት ተኩል ግን የለም። ማንም ሳያየው ከቀኑ ላይ ወድቋል።

የሐሙስ ውሃ የሁለት ሰው ነው። ከጧት እስከ ስድስት ሰዓት የስመኘው፣ ከስድስት እስከ ጀምበር መጥለቂያ የወይኒቱ። ወይኒቱ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ማሳዋ ከቦዩ መጨረሻ ያለች አንዲት ቃዳ፣ ጠበብ ያለች ቁራሽ መሬት ናት። ሽንኩርት ተክላባታለች። ያን ሽንኩርት ሽጣ የባሏን ተዝካር ልታወጣ ነበር። የሐሙስ ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል ስታዘገይ ያ ሁሉ ለስመኘው ይጨመራል፤ ጀምበር ደግሞ ለማንም አታዘገይምና የሚጎድለው ከወይኒቱ ነው። አያ ገደፋው ውሃውን ወደ እሷ ከመለሱ በኋላ ሰዓቷን አውልቀው እንደገና ጭቃ ውስጥ ይገባሉ። ማታ የሚያስረክቡት ጀምበር አይተው ስለሆነ ሰዓት ማየት አያስፈልጋቸውም።

በሁለተኛው ሐሙስ ይሁን በሦስተኛው፣ ወይኒቱ ቦዩ ዳር ቆማ ውሃዋን ስትጠብቅ ተናገረች። ደንቡን ስለምትፈራ ስልክ አላወጣችም፤ ያየችውን ብቻ ነው ያለችው።

«አያ ገደፋው፣ የሾላው ጥላ እኮ ዞሯል።»

ሾላውን አዩ፤ ሰዓቷን አዩ። ዐርባ ዓመት በጫማ ሲሰፍሩት የኖሩት ጥላ ፊት ለፊታቸው ተዘርግቶ ነበር። ድሮ ቢሆን ሁለቱ ካልተስማሙ አይናገሩም።

«ጥላ ያሳስታል፣ ልጄ። ይህች ግን አትስትም።»

የእኔ ቃል ነው። አትስትም ያልሁት እኔ ነኝ። የዶሮ ዋጋ ሰዓት ብትሆን ኖሮ ዓይናቸውን ያምኑ ነበር። በስዊስ ሰዓት ላይ ግን ማን ዓይኑን ያምናል?

ስመኘውስ? ስመኘው ስልኩን ኪሱ ውስጥ ይዟል፤ ያያል። ሰባት ሰዓት ማለፉን ያውቃል። ዝም ይላል። በኋላ ሲጠየቅ ደንቡ በውሃ አባቱ ሰዓት ይላል፣ እኔ በውሃ አባቱ ላይ ልከራከር ወይ አለ። እውነቱን ነው፤ ደንቡ እንዲያ ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው የሚከሰው የለም።

የውሃው ወረፋ ከተጀመረበት ከጥር አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ስምንት ሐሙስ እንዲህ ሄደ። የወይኒቱ ሽንኩርት ራስ ሊቋጥር በሚገባው ጊዜ ጅራቱ ቢጫ ሆነ። ከስመኘው ማሳ አጠገብ ስለሆነች ልዩነቱ ለመንገደኛ እንኳ ይታያል። ወሬውም ያን ጊዜ ተነሳ። ሰኞ ልክ የሆነ ሰዓት ሐሙስ ለምን ይስታል? ሐሙስ የማን ወረፋ ነው? ሰዓቱን የሰጠው የማን ወንድም ነው? ሦስቱን ጥያቄ ስትገጣጥማቸው መልሱ ራሱ ይመጣል። ሰው እሳቸው ሲያልፉ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ጀመረ። አሥራ ሰባት ዓመት የተገነባ ስም በስምንት ሐሙስ ተናደ።

አያ ገደፋው ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ ወደ እኔ መጡ። ሱቄ ውስጥ ሦስት ሰው ነበር፤ አንድ አስተማሪና ሁለት የከተማ ጎረምሶች። ከጎረምሶቹ አንዱ ዱባይ ያለ ወንድሙ የላከለትን አውቶማቲክ ይዞ መጥቶ እኔ ስለ ጥቅሟ እየተነተንሁለት ነበር። አያ ገደፋው ቆመው ጠበቁ። ተራቸው ሲደርስ መሐረባቸውን ፈትተው ሰዓቷን ሰጡኝ።

«ሰኞ ደህና ናት፤ ሐሙስ ትስታለች ይሉኛል። እስቲ እያት። ታማ እንደሆን ንገረኝ።»

ከፈትኋት። አንድም የጎደለ ነገር የላትም። እጄ ላይ አስሬ አንቀሳቀስኋት፤ ሄደች። የት እንደሚያኖሯት ጠየቅኋቸው።

«ከክቴ ጋር ናታ፣ ሳጥን ውስጥ።»

እንግዲህ ያን ጊዜ ሁሉም ገባኝ። ሰኞውም፣ ሐሙሱም፣ በህዳር የዋጥሁት ቃልም። አንድ ዐረፍተ ነገር ብናገር ያለቀ ነበር፤ አያ ገደፋው፣ ሰዓቷ ስትወልቅ ትቆማለች፣ ይህን ያልነገርሁዎት እኔ ነኝ። ግን አስተማሪው ያየኛል። ጎረምሶቹ ያዩኛል። አሁን ስተነትን ነበርኮ። ሰይፈ አውቶማቲክ አያውቅም፣ አንድ ሽማግሌ አሳሳተ የሚል ወሬ ነገ መናኸሪያውን ሲሞላ ታየኝ። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። የእኔ ዝምታ የሰው ገንዘብ ነበር።

«ሰዓቷ ጤነኛ ናት» አልኋቸው።

አያ ገደፋው መሐረቡን ቀስ ብለው አጠፉት። ሰዓቷን አላሰሯትም።

«እንግዲያው የታመምሁት እኔ ነኝ» አሉ፤ ወጡ።

ብቻቸውን ሳገኛቸው እነግራቸዋለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በሚቀጥለው ገበያ ይመጣሉ፤ ካልመጡም እኔ እወርዳለሁ። እንዲህ እያልሁ ቅዳሜን አመሸሁ። በማግስቱ እሑድ ስብሰባ እንዳለባቸው አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ስብሰባውን የነገረኝ ታከለ የሚባል የሰፈራቸው ሰው ነው፤ በሳምንቱ የልጁን ሰዓት ሊያስጠግን መጥቶ። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ የጠየቁት ትልቅ ነገር አልነበረም፤ ሰዓቱን ስለ ውሃ አልተቀበልሁም ብለው ይማሉና ነገሩ ይለቅ ነው ያሉት። አብዛኛው ሰው ቢሆን ይምል ነበር፣ ነገሩም ያልቅ ነበር አለኝ ታከለ፤ እውነት ለመናገር ሁላችንም እንዲምሉልን ነበር የምንፈልገው። አያ ገደፋው ግን ተነሥተው ቆሙና ሰዓቷን ቡሬ ወስጄ ሰይፈን አሳይቻታለሁ፤ ጤነኛ ናት ብሎኛል አሉ። ሰይፈ ደግሞ ሰዓት ያውቃል አሉ።

ቀጥለው ያሉትን ታከለ ቃል በቃል ነገረኝ።

«ሰዓቷ ጤነኛ ከሆነች ጥፋቱ የኔ ነው። የዚህች ልጅ ውሃ ጎድሏል፤ በእኔ እጅ ጎድሏል። በጎደለ ነገር ላይ አልምልም።»

ሕዝቡ ይህን እንዴት እንደሰማው መገመት አያስቸግርም። አልምልም ማለት በልቻለሁ ማለት ነው። ወይኒቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ አለቀሰች፤ ምናልባት የምታለቅሰው ለእሳቸው ነበር፣ ምናልባትም ለሽንኩርቷ። አያ ገደፋው የውሃ አባትነቱን እዚያው አስረከቡ። በሳምንቱ ከገዛ ጎተራቸው እህል ጭነው ለተዝካሩ ወይኒቱ ደጅ አራገፉ። ይኸም መልሶ እሳቸውን ወጋ፤ ባይበሉ ኖሮ ለምን ይክሳሉ ተባለ። ደግ ሰው የሠራው ሁሉ እንዴት ተገልብጦ እንደሚነበብ ያየሁት በእሳቸው ነው።

አሁን ሰፈሩ ውሃ የሚለካው በሦስት ሰው ኮሚቴ ነው፤ ሦስት ስልክ አላቸው፤ ሦስቱ ስልኮች አይስማሙም። በሚያዝያ ዱላ ተማዘዋል አሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ሰዓቷን ለናሁሰናይ መልሰውለታል። ባለፈው ወር ዕቃ ልገዛ ፍኖተ ሰላም ሄጄ አገኘሁት፤ እጁ ላይ አስሯታል። አንድ ቀን ስታ አታውቅም አለኝ። እንዴት ትስታለች፤ ሌት ተቀን ከእጁ አያወልቃትም፤ እሱ ክት የሚለው ነገር የለውም። ቀጥሎም የገጠር ሰው የከበረ ነገር አይችልበትም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። መልስ መስጠት ነበረብኝ። ሰላምታ ሰጥቼው አለፍሁ።

ከዚያ ስመለስ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ሱቄን ዘግቼ፣ አሮጌዋን ሰዓት ከሚስማሩ አውርጄ ኪሴ ከትቼ ወደ ሽንዲ በሚሄደው መኪና ተሳፈርሁ። አያ ገደፋውን ያገኘኋቸው በማሳቸው ነው፤ ብቻቸውን ይጎለጉላሉ። ቦዩ በአጠገባቸው ይፈሳል፤ የማን ወረፋ እንደሆነ ቀና ብለውም አላዩም። ከትልሙ ዳር ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኋቸው። ስለ ብረቷ፣ ስለ ክንድ፣ ስለ ሳጥኑ፣ ሱቄ ውስጥ ስለነበሩት ሦስት ሰዎች። ስጨርስ ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። ቢሰድቡኝ ምን ነበረበት።

መጎልጎሉን ትተው መዶማቸውን ተደገፉ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ ለእኔ ያልነገርኸኝ እነዚያን ልጆች አፍረህ ነው? አዎ አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንደ ተረዳ ሰው። ያ ነገር ከስድብ ባሰብኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆሜ እናገራለሁ አልኋቸው፤ እምልላችኋለሁ እላለሁ አልኋቸው።

«ተወው፣ ሰይፈ። ዛሬ ብትነግራቸው ሰይፈን ገዝቶ አስመሰከረ ነው የሚሉኝ። ያኔ አንተም ትረክሳለህ እንጅ እኔ አልነጻም።»

አሮጌዋን ሰዓት ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁላቸው። የፍየል ቆዳዋ እንዳለ ነው፤ ደቂቃዋም ልክ ነው። ይህችን እንኳ ይያዙ አልኋቸው። አዩዋት፤ እጃቸውን አልዘረጉም።

«ለማን ልለካባት?» አሉ። መልሰውም ጎንበስ አሉ።

ሰዓቷ ይኸው መልሳ ሚስማሯ ላይ ናት። ባለፈው ሳምንት ባትሪዋን ቀየርሁላት።

ሰው የሚያውቀው ነገር ይህ ብቻ ቢሆን መልካም ነበር፤ ሄጄ ነገርኋቸው፣ እሳቸው ተወው አሉ፣ እኔም ተውሁት። አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ያን ቀን ሽቅብ ወደ መኪናው መንገድ ስወጣ ደረቴ ቀሎኝ ነበር። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቆሜ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ከማለት ተርፌያለሁና፣ አያ ገደፋው ተወው ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር።